አፍንጫ ላይ የሚቆይ ማስክ እንዴት ይሰፋል?

በ2012 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በገበያ፣ በትራንስፖርትና ሰው በሚበዛበት ቦታ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። አዋጁ ካበቃ በኋላም በ2013 የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 ግዴታውን አስቀጠለው። እኔ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያኔ ከቀሚስ ይልቅ ማስክ ነበር የምሰፋው። መናኸሪያ በር ላይ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ይታይ የነበረው ሰው ሁሉ ደንቡን ንቆ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ጆሮውን ቆርጦት ወይም ሲያወራ እየተንሸራተተ አስቸግሮት ነው። ይህን ደግሞ ስፌት ያስተካክለዋል።

መጀመሪያ ጨርቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 መጨረሻ ሦስት ድርብ ይሁን ብሏል፦ ፊት የሚነካው እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ መሐሉ ማጣሪያ፣ ውጪው ፖሊስተር ያለበት ጨርቅ። ለውስጡ አቡጀዲ ጥሩ ነው፤ ግን ስለሚሰበሰብ ሳትቆርጡት እጠቡት። ለመሐሉ ጨርቅ የሚመስለው የፖሊፕሮፒሊን የገበያ ከረጢት ይሆናል፤ አዲስና ንጹሕ ይሁን። ለውጪው ቴትሮን። ነጠላ ስስ ነው፤ ጫፉን አፍንጫ ላይ ጣል ማድረግ ለደሴ ብርድ እንጂ ለበሽታ አይበቃም። የሰፋችሁትን ለመሞከር አድርጋችሁት ሻማ ፊት ቁሙና እፍ በሉ፤ ሻማው በቀላሉ ከጠፋ ጨርቁ ሳስቷል።

ለአዋቂ ወርዱን 20፣ ቁመቱን 18 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ሦስቱንም ቁረጡ። ደርባችሁ ዙሪያውን ስፉ፤ ከዚያ ወደ ታች የሚያዩ ሦስት እጥፋቶች አውጡና ጎንና ጎኑን ያዙት። እጥፋቱ አገጭ ሥር ድረስ ይዘረጋል፤ አፍ ሲከፈት ማስኩን ወደ ታች የሚጎትተው የእጥፋት ማነስ ነው። በላይኛው ጠርዝ ቀጭን መተላለፊያ ስፉና በቀላሉ የሚታጠፍ ሽቦ አስገቡበት፤ ጫፎቹን ቆልምሟቸው፣ አለበለዚያ ይወጋሉ። ሽቦው አፍንጫ ላይ ሲጫን ማስኩ አይወርድም፣ መነጽርም በእስትንፋስ አይጋረድም።

ማሰሪያው ላይ ረጋ በሉ፤ ለእኛ ከተማ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሂጃብ ወይም ሻሽ ለምታደርግ ሴት የጆሮ ላስቲክ አይመችም፤ ከሥር ስለሚገባ ውሃ ለመጠጣት እንኳ ሻሹን መፍታት ሊኖርባት ነው። ከዚያው ጨርቅ 45 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ጥብጣቦች ስፉላት፤ ሁለቱን ከሻሹ በላይ አናቷ ላይ፣ ሁለቱን ማጅራቷ ላይ ታስራለች። ኒቃብ ለምትለብስም ከሥሩ ማስክ ያስፈልጋታል፤ ኒቃቡ ከታች ክፍት ስለሆነ አየሩ እንደ ልብ ይገባል። ጥብጣብ ለሽማግሌዎችም ይሻላል፤ ጆሯቸውን አይቆርጣቸውም።

ደንበኛ ሲመጣ ማስክ አታስሞክሩ። አንዱ አፉ ላይ አድርጎ የመለሰውን ሌላው ሲገዛ በየመንገዱ አይቻለሁ፤ እጅግ አሳዝኖኛል። ሜትር አውጥታችሁ ከአፍንጫ አጥንት እስከ አገጭ ሥር ለኩ፣ ይበቃል። «አብሽሩ አባባ፣ ልክዎን አገኘሁት» በሏቸው።

አምስት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችን የዓለም ጤና ድርጅት አያስገድድም። ለሕፃን ጨርሶ አትስፉ፤ ያፍነዋል።

ሁለት ማስክ ያዙ። ጠዋት ደሴ ላይ የሚስማማው፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ በላብ ይርሳል። የራሰ ማስክ በደንብ አያጣራም፣ ያስጨንቃልም፤ ሰው አገጩ ላይ የሚያወርደው ያኔ ነው። ስታወልቁ የማስኩን ፊት ሳትነኩ በማሰሪያው ያዙት፣ ለብቻው በፕላስቲክ ከረጢት አድርጉት፣ እጃችሁን ታጠቡ። ማታ ሽቦውን አውጡና በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ 60 ዲግሪ ቢደርስ ጥሩ ነው። ፀሐይ ላይ አስጡት እንጂ ካውያ አታስነኩት፣ መሐሉ ያለው ከረጢት ይቀልጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ቀዳዳ ካሳየ ወይም ጥብጣቡ ከላላ ሌላ ስፉ።