የሚነፋ ጀልባ ፓቹን ሲጥል

ፒያሳ ያለው ግቢያችን ከጥቅምት ጀምሮ ባረጁ የሚነፉ ጀልባዎች ይሞላል። ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ውለው ለጥገና የመጡ ናቸው። ላርጎ በውሃ በጥብጣችሁ ቀብታችሁ፣ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጋችኋል ብዬ ልጀምር።

ላንጋኖ ሲደርስ ለሰለሰ፣ አረፋ ግን የለም፦ ጀልባው ደህና ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ነፍታችሁ ፒካፕ ላይ ጭናችሁ ስትወርዱ የውጩ አየር ይከብዳል። በ0.25 ባር ግፊት የተነፋ ጀልባ ሲሶ ያህል ግፊቱን መንገድ ላይ ያጣል። ሐይቁ ዳር ጨምሩበት። ስትመለሱ ግን አየሩን አስወጡ። እንደተወጠረ ሽቅብ ከወጣ መጋጠሚያው ይጎዳል።

ቫልቩ ይተነፍሳል፦ ብዙ ጊዜ አሸዋ ነው። ፈታችሁ እጠቡት።

የአንዱ ክፍል አየር ወደ ሌላው ያልፋል፦ የውስጥ ግድግዳው ተቀዷል። ብርቅ ነው፤ ድካሙም አያዋጣም።

ፓቹ፣ ማለትም ቀዳዳው ላይ የተለጠፈው ቁራጭ፣ ይላቀቃል፦ ዋናው ይሄ ነው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ የጫማ ማስቲሽ።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ይዞ የመጣውን አልረሳውም። ሦስት ፓች፣ አንዱ ባንዱ ላይ። የላይኛውን በጥፍሬ ሳነሳው ማስቲሹ ቢጫ ክር እየሆነ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ሁለት ልጆቹን ይዞ ውሃ ላይ ሳለ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ፣ ፓቹ ተንሸራቶ ወረደ። ዳር ቅርብ ስለነበሩ ተረፉ። ልጆቹ የሕይወት ጃኬት አላደረጉም ነበር። እባካችሁ፣ የተለጠፈ ጀልባ ላይ ያለ ጃኬት ልጅ አታስቀምጡ። ያልተለጠፈም ላይ ቢሆን።

ብዙ ጀልባ የሚሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፒቪሲን፣ የሚያለሰልሰው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ማስቲሹ ይገባና ያቀልጠዋል። ሱቅ ውስጥ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑት።

መጀመሪያ ጀልባው ከምን እንደተሠራ እወቁ። የማይታይ ቦታ ላይ አሴቶን በጨርቅ ንኩት። ጣት ላይ ከተጣበቀ ፒቪሲ ነው፤ ባለ ሁለት ክፍል (ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል) የፖሊዩሬታን ሙጫ ይፈልጋል። ካልተጣበቀ ሃይፓሎን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ የሱ ሙጫ ባለ ሁለት ክፍል ኒዮፕሪን ነው። አታምታቷቸው። የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ደግሞ አሴቶን ብቻ አይደለም። ዘይት የተጨመረበት አለ፤ ዘይት ካለ ምንም አይዝም።

አሮጌውን ማስቲሽ በፀጉር ፎን አሙቃችሁ ፋቁት፣ ቀሪውን በአሴቶን ጥረጉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ሰው የሚሰላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ያለው ግን እዚሁ ነው። ሃይፓሎን ከሆነ ጀልባውንም ፓቹንም በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ፓቹ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፣ ማዕዘኑም ክብ ይሁን። ሹል ጫፍ መጀመሪያ ይነሳል።

ሙጫውን ከማጠንከሪያው ጋር ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅሉ፤ በዓይን አትገምቱ። ጀልባውም ፓቹም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ድገሙት። ሁለተኛው ቅብ ጣት ላይ የማይነሳ ግን የሚይዝ ሲሆን አጋጥሙት። ከመሃል ወደ ዳር በማንኪያ ጀርባ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት፤ አየር ውስጡ እንዳይቀር።

በር ክፈቱ። ከሰልም፣ ሲጋራም፣ የቡና እሳትም አጠገቡ አይኑር። አንዴ እናቴ ረከቦት አቅርባ ከሰሉን ልታቀጣጥል ስትል ነው የደረስኩባት። የሙጫውና የአሴቶኑ እንፋሎት አይታይም፣ እሳት ግን ይይዛል።

ክረምት ላይ አልለጥፍም። እርጥበት ሙጫው ላይ ካረፈ ፓቹ የያዘ ይመስላል፣ ወር ሳይሞላው ይነሳል። ጥድፊያም ያው ነው። «ነገ ጠዋት ልንወጣ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ እመልሰዋለሁ፤ ሙጫው ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነፋ መቆየት አለበት፣ እኔ ሦስት ቀን እተወዋለሁ።

ከዚያ ንፉትና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግፊቱን ለኩ፤ በማግስቱም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ። ቀን ለክቶ ማታ የሚያወዳድር ሰው፣ የአዲስ አበባ ብርድ ያወረደውን ግፊት ቀዳዳ ነው ብሎ ደህናውን ፓች ይገነጥላል።