የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ዘይት፦ ፍሪሲዮን ሲያንሸራትት፣ ማርሽ ሲደርቅ፣ ዘይት ሲጎድል

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብተው «የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ዘይት አለ?» ብለው ቢጠይቁ ባለሱቁ ባዶ እጅዎን አይሸኝዎትም። 90 ቁጥር የተጻፈበትን የመኪና ካምቢዮ ዘይት ከመደርደሪያው አውርዶ «ወፍራም ነው፤ ለማርሽ የሚበጀው ይኸኛው ነው» ይልዎታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በከተማችን ከሚሽከረከሩት ባለአራት ምት ሞተር ሳይክሎች፣ ቦክሰርም ይሁን አፓቺ ወይም ሆንዳ፣ የሚበዙት ለብቻው የሚቀመጥ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት የላቸውም። አንዱ ዘይት ፒስተኑንም፣ የማርሽ ጥርሶቹንም፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ጥርሶቹ እንዲያለሰልሳቸው ይፈልጋሉ፤ የፍሪሲዮን ዲስኮች ደግሞ በዘይቱ ተነክረውም ቢሆን አንዱ ሌላውን አጥብቆ መያዝ አለበት። የመኪና ሞተር ዘይት የሚወድቀው በዚህ ሁለተኛው ሥራ ነው። በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ዘይት ተለይቶ በደረቁ ስለሚሠራ፣ የመኪና ዘይት የሚቀምመው ሰው ስለ ፍሪሲዮን የሚያስብበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ጣሳውን ሲያነሱ ከቁጥሩ በፊት ፊደሉን ያንብቡ። ጃሶ ቲ 903 የተባለው፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደረጃ፣ የባለአራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይቶችን ፍሪሲዮን በማስያዝ አቅማቸው ይለያቸዋል። ኤም ኤ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆነው ነው። ኤም ኤ 2 ከዚያው ወገን ይበልጥ የሚያስይዘው ነው። ኤም ቢ ግን መፋተግን ለመቀነስ ታስቦ የተቀመመ ሲሆን ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ይውላል። ባለሱቁ ስለ ውፍረት ሲያወራ እርስዎ ጣሳውን ገልብጠው «ኤም ኤ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጉ። ከበርሜል እየተቀዳ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ዘይት የሚነበብ ፊደል ስለሌለው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛውም፤ ለሰውም አልመክርም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ አንዱ አምራች 20ደብሊው-50 ሲያዝዝ ሌላው 10ደብሊው-30 ያዝዛል። ሆንዳ ለብዙ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎቹ የሚጽፈው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። የ20ደብሊው ዘይት የብርድ ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ፣ የ10ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ነው። የአዲስ አበባ የኅዳር ንጋት የቱንም ያህል ቢቆረጥም ወደዚያ አይጠጋም። ስለዚህ እዚህ ከተማ በመጀመሪያው ቁጥር ብዙ አይከራከሩ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት የሚናገረውን ሁለተኛውን ቁጥር ከመመሪያው መጽሐፍ ወይም ከዘይት መክደኛው ላይ አንብበው ያክብሩ።

«ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አይሄድም»

ከለገሃር ተነሥተው የቸርችልን አቀበት ወደ ፒያሳ ሲወጡ፣ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ካለ፣ የተበላሸ ፍሪሲዮን እዚያ ላይ ራሱን ይገልጣል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ሞተሩ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጉልበት ያጠረው ነጂም ማርሽ ቀንሶ፣ ነዳጅ ጨምሮ፣ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይወጣል። ሌላ ቦታ ዓመት የሚቆይ ፍሪሲዮን እዚህ ቶሎ ቢደክም አይገርምም።

ለማረጋገጥ ነጻ የሆነ ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዱ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ይክፈቱት። ጤነኛው ሞተር ድምፁና ፍጥነቱ አብረው ይጨምራሉ። የሚያንሸራትተው መጀመሪያ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ዘግይቶ ይከተላል።

ወደ ዘይቱ ከመሄድዎ በፊት የፍሪሲዮኑን ገመድ ይመልከቱ። እጀታው መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል መላወስ አለበት። ምንም የማይላወስ ከሆነ ገመዱ ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ በትንሹ እየሳበው ነው፤ ማስተካከያውን ማላላት ብቻ ይበቃል። ለዚህ በነጻ ለሚስተካከል ነገር አዲስ ዲስክ የገዙ ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም።

ገመዱ ደኅና ከሆነ መካኒኩ መጨረሻ ያስገባው ዘይት ምን እንደነበር ይጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና እርስዎም ለመካኒኩ፣ መካኒኩም ለእርስዎ እውነቱን ይናገሩ። የመኪና ዘይት ከሆነ፣ በተለይም ክብ በሆነው የኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) ምልክት ታችኛ ግማሽ ላይ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ካለበት፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ ዘይቱ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ሊኖረው እንደሚችል ይናገራል፤ ለመኪናው በጎ የሆነው ለዲስኮችዎ ጠላት ነው። የናፍጣ መኪና 15ደብሊው-40ን የሚያስገቡም አሉ። ጣሳው ላይ ኤም ኤ ተጽፎበት ውፍረቱም ከመመሪያው ጋር ከገጠመ አልቃወምም፤ ካልተጻፈበት ግን ዕድልን መሞከር ነው።

መፍትሄው ዘይቱን በሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አፍስሶ፣ ፊልትሮ ካለው ቀይሮ፣ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 ዘይት ማስገባት ነው። ለጥቂት ቀናት ቀስ ብለው ከነዱ በኋላ ያንን ዘይት እንደገና ይቀይሩት፤ የመጀመሪያው ቅያሪ ዲስኮቹ የጠጡትን ለማጠብ ነው። ዲስኮቹ ካልተቃጠሉ ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ክዳኑ ይከፈት። ላያቸው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ የጠቆሩ ወይም የተቃጠለ ሽታ ያላቸው ዲስኮች ይቀየራሉ፤ የብረቶቹ ሳህኖች ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተቀምጠው መጣመማቸው ይታያል፤ ምንጮቹም ርዝመታቸው ይለካል። አዲሶቹን ዲስኮች ከመግጠም በፊት በዚያው በትክክለኛው ዘይት ውስጥ ሌሊቱን መዘፍዘፍ ነው። ደረቅ ዲስክ የሚገጥም መካኒክ ካጋጠመዎት ሥራውን ያስቁሙት።

«ቀይ መብራት ላይ ዜሮ አልገኝ ይላል»

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆመው፣ ሞተሩ ግሎ፣ እግርዎ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ እየዘለለ ዜሮውን የሚያጣ ከሆነ የተገላቢጦሽ ችግር ነው፤ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። እዚህም መጀመሪያ ገመዱ ነው፤ ከመጠን በላይ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የዘይቱ ዕድሜ ነው። የማርሽ ጥርሶች በመካከላቸው የሚያልፈውን ዘይት ስለሚፈጩት 50 ሆኖ የገባ ዘይት በጊዜ ብዛት ይቀጥናል። አዲስ ዘይት በገባ ሰሞን ማርሹ ቅቤ ሆኖ ሰንብቶ ቀስ በቀስ ከደረቀ ምክንያቱ ይኸው ነው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች መመሪያ የመቀየሪያው ጊዜ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ግን መመሪያው ለከባድ አገልግሎት የሚሰጠውን አጭሩን ቁጥር ይያዝ። መብራት ላይ ቆሞ የሚጮኸውን ሞተር ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አይቆጥርለትም።

ሦስተኛው ምክንያት ያ የሶማሌ ተራው ወፍራም ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሣ ዲስኮቹ ይጣበቃሉ፣ አንደኛ ሲገባ ሞተር ሳይክሉ ወደፊት ይዘላል፣ ሲሞቅ ይሻሻላል። በነገራችን ላይ የካምቢዮ ዘይት ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው። 90 የተባለው የካምቢዮ ዘይት በሙቀት ጊዜ ውፍረቱ በ40 እና በ50 ሞተር ዘይት አካባቢ ነው። ስለዚህ «90 ነው» ብሎ የሚኩራራው ባለሱቅ የሸጠልዎት ሲሞቅ ያን ያህል የወፈረ ነገር አይደለም፤ የሞተሩን ጥላሸት ማጠብ የማይችልና ለፒስተን ሙቀት ያልተቀመመ ነገር ነው እንጂ። ገብቶ ከሆነ ሞተሩን ሳያስነሡ አፍስሱት።

«ማርሹ ራሱን እየጣለ ይወጣል»

ይህ የዘይት በሽታ አይደለም። የማርሽ ጥርሶቹ መያዣ ተበልቷል ወይም ሹካው ተጣሟል። ዘይት ማወፈር ድምፁን ለሳምንት ይሸፍነዋል፤ ካምቢዮው መከፈቱ አይቀርም።

«ዘይቱ ሳይጨመርበት በዛ»

ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ አስነሥተው ጥቂት ካሞቁትና ካጠፉት ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ መለኪያውን ይመልከቱ። ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነና እርስዎ ካልጨመሩ፣ ከዘይቱ አንድ ጠብታ በሁለት ጣቶችዎ መካከል አሽተው ያሽቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለና እንደ ውኃ ከቀጠነ፣ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ መርፌ አይዘጋም ማለት ነው፤ ሌሊት የነዳጁ ቧንቧ ክፍት ሆኖ ሲያድር ቤንዚኑ በሲሊንደሩ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል። መርፌው ይቀየራል፣ ዘይቱም ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ ሲያቆሙ ቧንቧውን መዝጋት ነው። ቤንዚን የገባበትን ዘይት «ጥቂት ቀን ይሥራ» ብለው አያሳድሩት፤ ኩሽኔታዎቹን ይበላቸዋል። ሽታ ከሌለውና ዝም ብሎ ከበዛ ግን የሞላው ሰው እጁ ረዝሞ ነው፤ ትርፉን ያስወጡ፣ አለበለዚያ አረፋ ይሠራል።

«ዘይቱ ወተት መሰለ»

ውኃ ገብቷል። ክረምት ላይ ጎርፍ የተሻገረ፣ በኃይለኛ ግፊት የታጠበ፣ ወይም ከሰፈር ሱቅ እስከ ሰፈር ብቻ እየተነዳ በደንብ ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ላይ ይታያል። መክደኛው ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ ረጅም መንገድ ነድተው ያድርቁት። ዘይቱ በሙሉ ወተት ከሆነ ይቀየር፤ ሞተሩ በውኃ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የውኃ ፓምፑ ፓራኦሊዮ (ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ይታይ።

«የሚንጠባጠብ የለም፣ ዘይቱ ግን ይጎድላል»

እዚህ ላይ የማወራው ስለ ባለሁለት ምቶቹ ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉት በእርግጥም ለብቻው የሆነ የካምቢዮ ዘይት አላቸው፤ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ሌላ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑም አብሮ አለ፤ ስለዚህ የሚገባው መመሪያው የሚያዝዘው ዘይት ነው፣ ብዙ ጊዜም 10ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-40 የሞተር ሳይክል ዘይት ይሆናል። ጂ ኤል 5 የተባለውን የመኪና ዲፈረንሻል ዘይት እዚህ አያስገቡ፤ ለከባድ ጫና የተጨመረበት የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ከነሐስ የተሠሩ ክፍሎችን ሊበላ ይችላል። ጂ ኤል 5 ቦታው መመሪያው ባዘዘው ዲፈረንሻል ላይ ነው። አሮጌ ቬስፓ ያለዎት ደግሞ የሚበቃዎት 250 ሚሊ ሊትር ተራ ኤስ ኤ ኢ 30 ነው።

የእነዚህ ካምቢዮ ዘይት ከጎደለና ከጭስ ማውጫው በየጊዜው የሚወፍር ጭስ ከወጣ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የክራንክ ፓራኦሊዮ አልቋል። ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥለዋል። ዘይት እየጨመሩ መንዳት ይቻላል፤ አንድ ቀን ግን መጨመር ይረሳና ካምቢዮው ይነክሳል። ፓራኦሊዮውን ያስቀይሩ፤ የሚያስወጣው ለዕቃው ሳይሆን ለመክፈቻው ጉልበት ነው።

«ሲፈስ የሚያብረቀርቅ ነገር አለው»

ማግኔት ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ጫፍ ላይ እንደ ጭቃ የሆነ ግራጫ ነገር ቢያገኙ አይደንግጡ፤ በተለይ አዲስ ሞተር ሳይክል ላይ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ የሚቀየረውም ለዚህ ነው። በጥፍር የሚነሣ ስባሪ ካገኙ ግን አዲስ ዘይት አይሙሉበት፤ ስባሪውን በወረቀት ጠቅልለው ካምቢዮ ለሚከፍት መካኒክ ያሳዩ። ቡሎኑን ሲመልሱ የመዳብ ቀለበቱን ይቀይሩ፣ ከመጠን በላይም አያጥብቁት፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ከተበላ ወደ ቶርኖ ቤት ነው የሚሄዱት።