የበረዶ ቤት እንዴት ይሠራል? ኔትሲሊኮች ለአሙንድሰን ያስተማሩት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1848። በካናዳ ሩቅ ሰሜን፣ ኪንግ ዊሊያም ደሴት አጠገብ፣ 105 ሰዎች በረዶ ቀፍድዶ የያዛቸውን ሁለት መርከቦች ትተው በእግር ወጡ። ከእንግሊዝ የተነሳው የጆን ፍራንክሊን የአሰሳ ጉዞ ቀሪዎች ነበሩ። የብር ማንኪያና ሹካ ሳይቀር ጭነው በበረዶ ላይ ጀልባ ጎተቱ። አንድም ሰው አገሩ አልገባም። እዚያው ደሴት ላይ ግን ከሰሜኑ ነባር ሕዝብ ከኢኑዊቶች ወገን የሆኑት ኔትሲሊኮች ልጅ እየወለዱና እያሳደጉ ይኖሩ ነበር። እርግጥ ያ ምድር 105 እንግዳ በአንዴ የሚያበላ አልነበረም። ቢሆንም የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ቀድመው ቢማሩ ኖሮ እያልኩ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ከ55 ዓመት በኋላ ኖርዌያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ዮአ በምትባል ትንሽ መርከብ እዚያው ደሴት ደረሰ። ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ፣ ተማሪ ሆኖ። ቴራዩ የሚባል አዛውንት የበረዶ ቤት አሠራር አስተማረው። አሙንድሰንና ጓደኞቹም ደጋግመው ተለማመዱ። ሙያው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ በረዶውን ምረጡ። ትናንት የወረደ ለስላሳ በረዶ አይሆንም፤ እንደ ዱቄት ይበተናል። የሚፈለገው ነፋስ የጠቀጠቀው ነው። ስትረግጡት የጫማችሁ ዱካ በስሱ ብቻ መታየት አለበት። ኢኑዊቶች በቀጭን ዘንግ ይወጉታል። ዘንጉ ከላይ እስከ ታች እኩል እየገባ ከሄደ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ያዝ አድርጎት ድንገት ከሰመጠ ግን በረዶው ድርብርብ ነው፤ ስትቆርጡት እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። ሌላ ቦታ ፈልጉ። ፍለጋው አይሰልቻችሁ፣ የሥራው ግማሽ እሱ ነው።

ሥራ ስትጀምሩ ካፖርታችሁን አውልቁ። በዚያ ብርድ እብደት ይመስላል። ግን መጋዝ ስትገፉ ካላባችሁ፣ ላቡ ስታርፉ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ልብስ ደግሞ ሙቀት አይዝም። ዝግ ብላችሁ ሥሩ። መለዋወጫ ጓንትም ያዙ።

ጎጆ ሲቀለስ እንደሚደረገው መሀል ላይ ችካል ትከሉና በገመድ ክብ አስምሩ። ለሁለት ሰው የውስጡ ስፋት 2 ሜትር ይበቃል። ከ3 ሜትር በላይ ለጀማሪ ይከብዳል።

የበረዶ ብሎኬቶቹን ከክቡ ውስጥ ቁረጡ፣ በመጋዝ ወይም በረጅም ቢላ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 40፣ ውፍረቱ 20 ገደማ ይሁን። ግድግዳው ከፍ ሲል ወለሉ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ስለዚህ ብዙ መደርደር አይጠበቅባችሁም።

አሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንደ ሲሚንቶ ግድግዳ ረድፍ በረድፍ አትደርድሩ። የመጀመሪያውን ዙር ስትጨርሱ፣ በሦስት አራት ብሎኬቶች ላይ ከመሬት ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ዳገት በመጋዝ ቁረጡ። ቀጣዩን ብሎኬት ከዳገቱ ግርጌ አስቀምጡ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው፣ የእንጀራ ሊጥ ከምጣዱ ዳር ወደ መሀል እየዞረ እንደሚፈስ፣ ሳይቋረጥ እየዞረ ይወጣል። እያንዳንዱ ብሎኬት ሁልጊዜ የሚደገፍበት ጎረቤት ስላለው ወደ ውስጥ ቢያዘነብልም አይወድቅም። ከሥሩ መሀሉን ትንሽ ጎርጎር አድርጉት፣ በሁለቱ ጥጎቹ ብቻ ይቀመጥ። መሀሉ ከነካ ይወዛወዛል። ሠሪው ውስጥ ነው የሚቆመው፣ ጣሪያው እስኪዘጋ ድረስ።

በመጨረሻ አናቱ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ብሎኬት በጎኑ አሹልካችሁ አውጡና ቀዳዳው ላይ አስተኙት። ከውስጥ ዳር ዳሩን በቢላ ስትልጡት ቀስ እያለ ወርዶ ግጥም ይላል። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ስንጥቁን ሁሉ በለስላሳ በረዶ ይጠቅጥቅ። ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ነፋስ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው።

በሩ ከመኝታው ዝቅ ይበል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቁ ላይ ይቀራል። በነፋሱ ትይዩ ሳይሆን በጎን በኩል ቆፍራችሁ ውጡ። ከወለሉ ግማሹን እንደ መደብ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ኢኑዊቶች የካሪቡ (የሰሜን አጋዘን) ቆዳ ያነጥፉበታል። እናንተ ወፍራም ስፖንጅ ብታነጥፉ ይሆናል፤ ብቻ በረዶ ላይ በቀጥታ አትተኙ።

ጣሪያው ላይ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ብሱ። ይህን በፍጹም አትርሱ። ኢኑዊቶች ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ስብ የሚነድበት የድንጋይ ኩራዝ ያበሩበት ነበር፤ አየር መውጫ ከሌለ ጭሱና የታፈነው አየር ይገድላል። የኩራዙ ሙቀት የግድግዳውን ፊት በስሱ ያቀልጠዋል፤ መልሶ ሲረጋ እንደ መስታወት ይጠነክራል። ጣሪያውን አስቀድማችሁ በመዳፍ አለስልሱት። ጎርባጣ ካለው ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ አንገታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ለስላሳ ከሆነ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ውጭ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ዜሮ አካባቢ ሊቆይ ይችላል። ብርዱን የሚከለክለው በረዶው ውስጥ የታሰረው አየር ነው።

ሚኒሶታ ወይም ኖርዌይ ሆናችሁ ከልጆች ጋር መሞከር ካማራችሁ ጠዋት ጀምሩ፤ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ውስጥ ሰው ሲኖር ውጭ አንድ አዋቂ አካፋ ይዞ ይቁም። አየሩ ሞቅ ሲል ጣሪያው መስመጥ ይጀምራል። ያኔ ማንም ሳይገባበት ከውጭ ሆናችሁ አፍርሱት።