በአመድ ውሃ የሚሠራ ሳሙና አልረጋ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከለገጣፎ ዙሪያ «ተበላሸብን» ተብለው ከሚመጡልኝ የቤት ሳሙናዎች መካከል አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፏል፣ ቡናማው ውሃ ከሥር ተቀምጧል፣ ባለቤቱም ለአራት ሰዓት ያህል ሲያማስል ውሏል። ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ቀላሎቹን ላንሣ። መመዘንን፣ ጓንትንና የዓይን መከላከያን የምታውቁ ስለሆነ አልደግማቸውም።

ፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት ያወጣ ሳሙና አልተበላሸም፤ ያልተዋሃደው አልካሊ (ዘይትን ወደ ሳሙና የሚለውጠው፣ በሶዳ ወይም በአመድ ውሃ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር) ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስለሆነ ተፍቆ ይወገዳል። ከወራት በኋላ ብርቱካንማ ነጥብ አውጥቶ የሚሸት ሳሙና የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት የበዛበት ነውና ግማሹን በሞራ መተካት ይበጃል። እንዶድ መጨመር ያልረጋ ሳሙናን አያረጋም፤ እንዶድ የሚያረፋው በውስጡ ባለው ሳፖኒን እንጂ አልካሊ ሆኖ አይደለም። በኮስቲክ ሶዳ ተሠርቶ የሚልል ሳሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶዳው ከተከፈተ ጆንያ እየተዘገነ የተሸጠ ነው። እርጥበት ጠጥቶ የተጣበቀ ሶዳ የሚመዝነው በውሃው ጭምር ስለሆነ፣ «ለ1 ኪሎ ሞራ 140 ግራም ገደማ» የሚለው ልክ ለእርሱ አያገለግልም። እንዲህ ያለውን ሶዳ የሚሸጡ ሰዎች የድሃ ገንዘብ እያባከኑ መሆኑን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው። ከባሕር ዛፍ አመድ ተጣርቶ የሚወጣው ውሃ በአብዛኛው ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። አዲስ፣ ያልተጠበሰበት ዘይትን ወይም ሞራን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። «እንቁላል ስለተንሳፈፈ ውሃው ደርሷል» የሚለው ልማድ ብዙዎችን አሳስቷል፤ እንቁላሉ የሚያሳየው በውሃው ውስጥ ብዙ ነገር መሟሟቱን ብቻ ነው፣ በጨው ውሃም ይንሳፈፋል። የምታቃጥሉት ጭራሮና ቅጠል ከሆነ አመዱ ፖታሲየም ስለሚበዛበት እንቁላሉ ቶሎ ይነሣል፣ ካርቦኔቱ ግን ያው ካርቦኔት ነው።

በለገጣፎ ሳምቡሳ የሚጠብሱ አንዲት እናት ለወራት በተጠበሰበት ዘይትና በአመድ ውሃ ብቻ ወፈር ያለ ሳሙና ሲሠሩ ቆይተው፣ ትእዛዝ ሲበዛባቸው አዲስ የኑግ ዘይት ገዙ። በዚያው አመድ፣ በዚያው ድስት ቢሞክሩ ምንም አልረጋም፤ ዘይቱ የተቀየጠ መስሏቸው ከነጋዴው ጋር ተጣሉ። ዘይቱ ግን ደኅና ነበር። ደጋግሞ የተጠበሰበትና የቆየ ዘይት ከፊሉ ተሰባብሮ ነጻ የስብ አሲድ ስለሚይዝ፣ ያንን ክፍል ካርቦኔትም ሳሙና ሊያደርገው ይችላል፤ የተፈጠረውም ጥቂት ሳሙና የቀረውን ዘይት በውስጡ ይዞ ድስቱን ያወፍረዋል። ድስቱ ሲፈላ ከልክ በላይ ይኩረፈረፍ እንደነበረ ነግረውኛል፤ ይህ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያ ሳሙና ልብስ ላይ ቅባት ይተው የነበረውም ያ ሳይለወጥ የቀረ ዘይት በውስጡ ስለነበረ ነው።

መፍትሄው ኖራ ነው። የጠፋ ኖራ (ውሃ ጠጥቶ የበረደ ኖራ) ከካርቦኔቱ ጋር ሲገናኝ ኖራው ጠመኔ ሆኖ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ሃይድሮክሳይዱ በውሃው ውስጥ ይቀራል። በስሌት ለ138 ግራም ፖታሲየም ካርቦኔት 74 ግራም የጠፋ ኖራ ያስፈልጋል፤ አመድ ግን ከአመድ ስለሚለይ በሎሚ መፈተን ይሻላል። ኖራውን በሞቀው ቀጭን የአመድ ውሃ ላይ ጨምሩና አማስሉ፣ አሳድሩት፤ ከጠራው ጥቂት ጠብታ በሎሚ ጭማቂ ላይ ስታንጠባጥቡ የሚያፈላ አረፋ ከታየ ካርቦኔት ቀርቷልና ኖራ ይጨመር። ይህ ሁሉ የሚደረገው ውሃው ተንተክትኮ ከመወፈሩ በፊት ነው፤ ልውውጡ በቀጭን ውሃ ውስጥ ይሳካል፣ በወፈረው ውስጥ ግን ወደኋላ ይላል። የጠራው ከተቀዳ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይንተክተክ።

የኖራው ነገር ብዙ አድክሞኛል። በሰበታ አንድ የሴቶች ማኅበር ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ደፋ፤ ኖራቸውን ባየው ከግድግዳ ቅብ ተርፎ ለዓመታት አፉ ተከፍቶ የተቀመጠ ነበር። ጥቂቱን በሎሚ ላይ ስጨምር በኃይል አረፋ፤ ከአየር ጋር ቆይቶ ራሱ ጠመኔ ሆኗል። ጠመኔ ደግሞ የሚሠራው ሥራ የለም። ኖራ ከመግዛታችሁ በፊት ሎሚ ይዛችሁ ሂዱ። ያልጠፋ (ገና ውሃ ያልነካው) ኖራ ከሆነ ቀስ በቀስ በብዙ ውሃ ላይ ይጨመር፤ በጥቂት ውሃ ሲጠፋ በድንገት ፈልቶ ፊት ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሳሙናው እንደ ገንፎ ቢቀር ስሕተት አይደለም፤ የፖታሲየም ሳሙና ልል ነው። ጠጣር የሚያደርገው የገበታ ጨው ነው፤ በሳሙናው ውስጥ ያለውን ፖታሲየም በሶዲየም ይለውጠዋል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ከተዋሃደ በኋላ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፦ ለ1 ኪሎ ሞራ 200 ግራም ያህሉ ለልውውጡ ብቻ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ሳሙናው እንደ አይብ ተለይቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። እርሱን ቀድታችሁ በትንሽ ውሃ አቅልጡና ወደ ቅርጹ ገልብጡ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ በቆላ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ማፍላት እንደሚያስፈልግ አስቡ።

የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም። አልካሊው ይበላዋል፣ የሚወጣውም ሃይድሮጂን እሳት ይይዛል፤ ሥሩ ተበስቶ ምድጃ ላይ የፈሰሰ ድስት በዓይኔ አይቻለሁ። የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ያለው ድስት ተጠቀሙ። የደረሰውን የአመድ ውሃ በባዶ ሃይላንድ አታስቀምጡ፤ መልኩ ጠላ ወይም ሻይ ስለሚመስል ሕፃን ቢጠጣው ጉሮሮውን ለዕድሜ ልኩ ያበላሸዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ሎሚ ሳይነካው ከ20 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በንጹህ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከሥር የቀረው የኖራ ጭቃ ገና አልካሊ ይዟልና አትድፉት። በውሃ አንድ ጊዜ እጠቡትና ያንን ውሃ ለሚቀጥለው አመድ የመጀመሪያ ማጣሪያ አድርጉት።