መብራት አልበራም ማለት መኪናው ደህና ነው ማለት አይደለም፦ የሪኮል ችግርና መፍትሄ

መኪና ሲንኳኳ ሁላችንም ጋራዥ እንሮጣለን። ዝም ሲል ደግሞ እንረሳዋለን። እዚህ የማወራው መኪናው ከፋብሪካው ይዟቸው ስለሚመጣ ጥፋቶች ነው። ለእነዚህ ለሰፈር መካኒክ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ሪኮል (ፋብሪካው ጥፋት ያለባቸውን መኪኖች ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ) መኖሩን አጣሩ፤ ካለ የሚሠራው ፋብሪካው ነው፣ በራሱ ወጪ።

ምልክት፦ እየሄደ ድንገት ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል

ባትሪ ሊሆን ይችላል፣ የነዳጅ ፓምፕም ሊሆን ይችላል (ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚሁ ፓምፕ ምክንያት ብዙ መኪና ጠርቷል)። በጣም የከፋው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካው መኪና አምራች የጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ጉዳይ ነው። ኮባልትን በመሳሰሉ ሞዴሎች የቁልፍ ማብሪያው ልል ስለነበር፣ ከባድ የቁልፍ ዘለላ ሲንጠለጠልበት ወይም ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ቁልፉ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከተጋጨ ደግሞ ኤርባጉ አይወጣም። ጂኤም ያቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 የሞት ካሳ ጥያቄዎችን አጽድቋል። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ ማብሪያው እስኪቀየር ቁልፉን ብቻውን ያዙ። የቤቱም፣ የሱቁም፣ ጌጡም ይውለቅ።

ምልክት፦ እግራችሁን አንስታችሁም መኪናው ይፈተለካል

መጀመሪያ ምንጣፉን እዩ። በኦሪጅናሉ ላይ ሌላ ጎማ ምንጣፍ መደረብ የምንወደው ነገር ነው፤ ተንሸራትቶ የነዳጅ ፔዳሉን ይይዛል። ቶዮታ በ2009 እና 2010 ሚሊዮኖችን የጠራው በምንጣፍና በሚጣበቅ ፔዳል ነው። መንገድ ላይ ከገጠማችሁ ፍሬኑን አንዴ ጠንክራችሁ ያዙ፣ ደጋግማችሁ አትርገጡ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ዳር ያዙና ከቆማችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ።

ምልክት፦ ምንም

አዎ፣ ምንም። ይሄ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የኤርባግ መብራቱ እንደ ወትሮው በርቶ ይጠፋል፣ መካኒኩ በኮምፒውተር ቢፈትሸውም ንጹህ ነው ይላችኋል። ችግሩ ያለው ማንፈሻው ውስጥ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ይበላሻል፣ ግጭት ሲመጣ ከመጠን በላይ ይፈነዳል፣ የብረት እቃውም ተሰባብሮ ወደ ፊትና ወደ አንገት ይወረወራል። በቀላል ግጭት የሞቱ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ ማንፈሻ ተጠርቷል፤ ታካታ ራሱ በ2017 ከሰረ። ቶዮታ በጥር 2024 የ2003 እና 2004 ኮሮላ፣ የ2004 እና 2005 ራቭ ፎር ያላቸውን የተወሰኑ ባለቤቶች «እስኪሠራ አትንዱ» ብሏል። እነዚህ እኮ አዲስ አበባ በየመንገዱ የምናያቸው መኪኖች ናቸው። ከገልፍ ወይም ከፍሎሪዳ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱንና እርጥበቱን ጠጥቶ ነው የመጣው።

መፍትሄው አንድ ነው፤ ቁጥሩን ማጣራት። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ሳይሆን ከራሱ ከመኪናው ላይ አንብቡ፣ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ወይም በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ታገኙታላችሁ። 17 ፊደልና አሃዝ ነው። «ኦ» የሚመስል ካያችሁ ዜሮ ነው፣ ያ ፊደል እዚያ ውስጥ አይገባም። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት ያልተሠራ ሪኮል ካለ ያወጣላችኋል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቪትዝ ከሆነ ቁጥሩ አጭር ነው፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ እዚያ አይሠራም፤ በጃፓን ቶዮታ ገጽ ፈልጉ ወይም አገር ውስጥ ያለውን ወኪል በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል ከጠየቃችሁ መልሱም በቃል ይቀራል።

«ደብዳቤ አልደረሰኝም» ምክንያት አይሆንም። ደብዳቤው የሚላከው በተመዘገበው ባለቤት አድራሻ ነው፤ ቤት ከቀየራችሁ ወይም መኪናውን ከሌላ ከገዛችሁ ሊያልፋችሁ ይችላል። ዲሲ አካባቢ ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ኡበር የምትሠሩ ይሄን ልብ በሉ፤ ሻጩ ያልተሠራ ሪኮል ያለበትን ያገለገለ መኪና ቢሸጥላችሁ የፌዴራል ሕጉ አይከለክለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ስጠኝ በሉት። ካቅማማ ተዉት።

ወኪሉ ክፈሉ ቢላችሁስ? የሪኮሉን ቁጥር አሳዩትና ለፋብሪካው ደውሉ። አንድ ማነቆ አለ፤ ሪኮሉ ሲወጣ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ 15 ዓመት ካለፈው ፋብሪካው በነጻ የመሥራት የሕግ ግዴታ የለበትም፣ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ስለሚሠሩ ጠይቁ። ሪኮሉ ሳይወጣ በራሳችሁ ኪስ አሠርታችሁ ከሆነም ገንዘቡ ሊመለስላችሁ ስለሚችል ደረሰኙን አትጣሉ።

ሪኮል ከሌለና ችግሩ ግን ከተደጋገመ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አስገቡ። ምርመራ የሚከፈተው ተመሳሳይ ቅሬታ ሲበዛ ነው፣ መኪናው ስንት ማይል እንደሄደና በምን ፍጥነት ላይ እንደጠፋ ጨምራችሁ ጻፉ።