የአዮን በር ስንት ማይክሮሰከንድ ይከፈት?

ኤርፖርት ላይ ፈታሹ እጃችሁን ወይም ሻንጣችሁን በቁራጭ ጨርቅ ጠርጎ ማሽን ውስጥ ሲከት አይታችሁ ይሆናል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትር ነው፤ የፈንጂ ርዝራዥ ይፈልጋል። ሥራው አዮኖችን ማሮጥ ነው። ቻርጅ የያዙ ሞለኪውሎች ጋዝ በሞላበት ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ይነዳሉ። ትንሹ ቀድሞ፣ ትልቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ሩጫውን የሚያስጀምረው በር ሻተር ይባላል።

በእንዲህ ያለ ቱቦ ከምንሠራ ሰዎች ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ብራድበሪና ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1936 የገለጹትን ዓይነት ነው። ቀጫጭን ሽቦዎች በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ይወጠራሉ። ጎረቤታም ሽቦዎች የተለያየ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው አዮኖቹ ሽቦው ላይ ተላትመው ይቀራሉ፤ በሩ ተዘጋ። ቮልቴጁ እኩል ሲሆን ይከፈታል።

በሩን ስታስተካክሉ፣ መጀመሪያ የቱቦውን ከፍተኛ ቮልቴጅ አጥፉና ሽቦዎቹን በማጉያ መነጽር እዩ። አንድ የላላ ሽቦ ካለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ቮልቴጁን መልሳችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ የዲቴክተሩን (በቱቦው መጨረሻ አዮኖቹን የሚቀበለውን) ከረንት አንብቡ። ዜሮ ካልሆነ በሩ ያፈስሳል፤ የመዝጊያውን ቮልቴጅ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ዜሮ ሲገባ ግን እዚያው አቁሙ። "ለማንኛውም" ብላችሁ እጥፍ ካደረጋችሁት መስኩ ከሽቦዎቹ አልፎ ይዘረጋና ማለፍ የነበረባቸውን አዮኖች ይበላል።

በሩን የሚከፍተውን የኤሌክትሪክ ምት በኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በሚያሳይ መሣሪያ፣ እዩት። ሶፍትዌሩ 100 ማይክሮሰከንድ ስላለ ብቻ 100 ነው ማለት አይደለም። ይህን ስትለኩ የቱቦው ቮልቴጅ የግድ ይጥፋ፤ በሩ የተቀመጠው ሺህ ቮልቶች ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። 5,000 ቮልት ያለው ቱቦ እንውሰድ፤ አዮኑ በክፍል ሙቀት በ20 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። በሩ ለ200 ማይክሮሰከንድ ሲከፈት የመለየት አቅሙ (የመድረሻው ጊዜ ለፒኩ፣ ማለትም አዮኖቹ ሲደርሱ ሲግናሉ ለሚሠራው ጉብታ፣ አግድም ስፋት ሲካፈል) 80 ገደማ ነው። በ100 ወደ 110 ይወጣል። በ50 ደግሞ 126 አካባቢ። ከ132 በላይ ግን አይሄድም፤ አዮኖቹ በመንገድ ላይ ራሳቸው ስለሚበተኑ በሩን ብታጠቡት ለውጥ የለውም። ሲግናሉ ግን ይወርዳል። በሩ በየ25 ሚሊሰከንዱ ለ200 ማይክሮሰከንድ ቢከፈት እንኳ ከመቶ አዮን አንድ አያልፍም። ስለዚህ ከ100 ማይክሮሰከንድ በታች መውረድ ብዙ ከፍሎ ጥቂት መግዛት ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ በሩን እያጠበብኩ 40 ደረስኩ። ፈጣኑ ፒክ እንደ መርፌ ቀጠነ፤ ደስ አለኝ። ዘገምተኛው ፒክ ግን ጠፋ። ናሙናው ላይ ፈረድኩ። ቱቦውን ፈትቼ አጠብኩ፣ ጋዙን ቀየርኩ፣ ሁለት ሳምንት ሄደ። አንድ ቀን ማታ በሩን ወደ 150 መለስኩት። ፒኩ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሩ ሲዘጋ ገና የሽቦዎቹን አካባቢ ያልለቀቀ አዮን ተመልሶ ይያዛል። ፈጣኑ ያመልጣል፤ ዘገምተኛው አያመልጥም። ያው 40 ማይክሮሰከንድ ለአንዱ 25፣ ለሌላው ዜሮ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የበሩን ጊዜ ከ50 እስከ 300 በ25 በ25 እየጨመራችሁ የእያንዳንዱን ፒክ የቦታ ስፋት፣ ቁመቱን ወይም አግድም ስፋቱን ሳይሆን ከጉብታው ሥር ያለውን ቦታ በሙሉ፣ መዝግቡ። ወረቀት ላይ የበሩን ጊዜ በአግድም፣ የቦታውን ስፋት በቁመት ይዛችሁ ነጥብ ነጥብ አድርጉና መስመር አስምሩ። መስመሩ አግድሙን መስመር የሚቆርጥበት ቦታ በሩ ከዚያ አዮን ላይ የሚሰርቀው ጊዜ ነው። የዘገምተኛው ቁጥር ምንጊዜም ይበልጣል። የምትመርጡት ጊዜ ከዚህ ቁጥር ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። የእኔ ዘገምተኛ አዮን 45 ላይ ነበር የቆረጠው፤ ቱቦዬ እስከ ዛሬ 150 ላይ ነው የሚሠራው።