ለቤትዎ ስንት ዋት ሶላር ይበቃል? ስሌቱ ከፍጆታ ይጀምራል

«ስንት ዋት ፓኔል ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ቤቱ በቀን ስንት ዋት-ሰዓት እንደሚፈጅ ነው። ወረቀት ይያዙና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይመዝግቡ፤ የእያንዳንዱን ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት ያባዙ።

ለምሳሌ ባለ 9 ዋት 6 ኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 270 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 200፣ ባለ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት 240፣ ቀንና ሌሊት የሚበራ ባለ 10 ዋት ራውተር 240፣ ሦስት ስልክ ቻርጅ ማድረግ 50 ገደማ፣ ፍሪጅ 1,000። ድምሩ 2,000 ዋት-ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሪጁ ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ እየተነሣና እያረፈ ስለሚሠራ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት በ24 ማባዛት የተጋነነ ቁጥር ይሰጣል። የዓመት ፍጆታው በኪሎዋት-ሰዓት ተለጥፎበት ከሆነ ለ365 ያካፍሉት። ካልተለጠፈበት ሶኬት ላይ የሚሰካ የፍጆታ መለኪያ አስገብቶ ለ24 ሰዓት ማየት ከየትኛውም ግምት ይሻላል፤ በተለይ ፍሪጁ ያረጀ ከሆነ።

ከዝርዝሩ የሚዘነጋ አንድ ዕቃ አለ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ። ምንም ሳይሰካበት 15 ዋት የሚወስድ ከሆነ በቀን 360 ዋት-ሰዓት ይበላል። ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ የምንሠራበት ቁጥር 2,360 ነው። ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ እዚህ ውስጥ አልገቡም። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በአንድ ሰዓት ብቻ የዕቃዎቹን ሁሉ የቀን ፍጆታ ይጨርሳል፤ እነሱን የሚሸከም ሲስተም መጠኑ ከዚህ በጣም የተለየ ነው።

አሁን ወደ ፀሐዩ እንምጣ። ፀሐይ ለ12 ሰዓታት ወጥታ ብትውልም ፓኔሉ ሙሉ ኃይሉን የሚሰጠው ለጥቂቱ ብቻ ነው። የቀኑ ብርሃን ሁሉ ተደምሮ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት በሚያርፍበት ጠንካራ ፀሐይ ሲመነዘር «የሙሉ ፀሐይ ሰዓት» ይባላል፤ በብዙ ቦታ ከ3 እስከ 6 ይደርሳል። የአውሮፓ ኮሚሽን በነፃ የሚያቀርበው ፒቪጂአይኤስ የተባለው ድረ ገጽ የአካባቢዎን ብርሃን በየወሩ ያሳያል። የዓመቱን አማካይ አይውሰዱ፤ ደካማውን ወር ይውሰዱ። በአማካይ የተሰላ ሲስተም ሰማዩ በሚደምንበት ወቅት ቤቱን ጨለማ ውስጥ ይጥላል።

ደካማው ወር 4.5 ቢሆን፣ ብክነቱን ለማካካስ በ0.75 እናባዛዋለን። ፓኔል ዋቱ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ ነው፤ ጣሪያ ላይ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ10 በመቶ በላይ ያጣል፤ አቧራው፣ ሽቦውና ባትሪው ደግሞ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። 2,360ን ለ3.375 ስናካፍል 700 ዋት ይመጣል። ባለ 400 ዋት ሁለት ፓኔል ይበቃል። የተረፈው 100 ዋት ከደመናማ ቀን በኋላ ባትሪውን ለመሙላት ያግዛል። ገንዘብ ከተረፈ ከባትሪ ይልቅ ፓኔል መጨመር ይቀድማል፤ የማይሞላ ባትሪ ጥቅም የለውም፤ የእርሳስ ባትሪ ከሆነማ ሳይሞላ ሲከርም ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት እየደረቀ ይሞታል።

ለባትሪው 2,360ን በኢንቨርተሩ ብቃት፣ በ0.9፣ ያካፍሉ፤ 2,620 ገደማ ይሆናል። ይህ ለአንድ ቀን መጠባበቂያ ነው። ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶው ያለ ችግር ስለሚሠራ 3,280 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ባለ 25.6 ቮልት 150 አምፒር-ሰዓት ይሸፍነዋል። የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ 5,240 ይጠይቃል፤ ይኸውም ባለ 12 ቮልት 220 አምፒር-ሰዓት ሁለት ባትሪ በተከታታይ ማሰር ነው። አሮጌና አዲስ ባትሪ አያቀላቅሉ፤ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል።

ኢንቨርተሩ የሚመረጠው በአንድ ጊዜ በሚበራው ዋት ነው። ባለ 120 ዋት ኮምፕረሰር ሲነሣ ለቅጽበት እስከ 6 እጥፍ፣ 720 ዋት፣ ሊስብ ይችላል፤ የሌሎቹ ዕቃዎች 204 ዋት ሲጨመር 924 ይሆናል። ባለ 1,000 ዋት ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመር ኤሌክትሪክ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ኢንቨርተር ይግዙ። ርካሹ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ ሞተሩን ያግለዋል።

ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ላይ የፓኔሎቹን 800 ዋት ለባትሪው 24 ቮልት ሲያካፍሉ 33 አምፒር ይመጣል፤ ባለ 40 አምፒር ኤምፒፒቲ (ከፓኔሉ ከፍተኛውን ኃይል የሚያወጣ ዓይነት) ይበቃል። ከአምፒሩ ይልቅ ቮልቱ ነው የሚያቃጥለው። የአንዱ ፓኔል ባዶ ቮልት (ምንም ሳይታሰርበት የሚያሳየው) 37 ቢሆን ሁለት በተከታታይ 74 ነው፤ ብርድ ሲጨመርበት 78 ይደርሳል። ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር ይችለዋል፤ ሦስተኛ ፓኔል በተከታታይ ከተጨመረ ግን 111 ቮልት ይገባና ኮንትሮለሩ ይቃጠላል።

ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ገመድ አጭር፣ ውፍረቱም ከ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ በፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ።